ሳይቆርጥ የሚያልፍ ፎልት

ፎልት (ድንጋይ ተሰንጥቆ ሁለቱ ወገኖች የተንሸራተቱበት ቦታ) ሲባል አብዛኛው ሰው የድንጋይ ንብርብሩን ቆርጦ የሚወርድ ስንጥቅ ነው የሚታየው። እኔን ግን የሚስቡኝ ድብቆቹ ናቸው፤ በሁለት ንጣፎች መካከል ተጋድመው ንጣፎቹን ሳይቆርጡ የሚያልፉት።

ወፍራም ደብተር ይዛችሁ እጠፉት። ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ንብርብር ድንጋይም እንደ ቅስት ወደ ላይ ሲታጠፍ እንዲሁ ነው። በጠንካራ የኖራ ድንጋይ ንጣፎች መሃል ስስ የጭቃ ድንጋይ ካለ፣ መንሸራተቱ እዚያች ደካማ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። የላይኛው ንጣፍ ከታችኛው አንጻር ወደ ቅስቱ አናት ይወጣል። አናቱ ላይ መንሸራተት የለም፤ ጎኖቹ በተጋደሉ ቁጥር ይጨምራል።

ምን ያህል? የንጣፉን ውፍረት በራዲያን በተለካ የማጋደል አንግል ማባዛት ነው። 1 ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ 30 ዲግሪ (0.52 ራዲያን ገደማ) ቢያጋድል፣ እንቅስቃሴው በሙሉ በንጣፎቹ ድንበር ላይ ከሆነ፣ 52 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ንጣፍ ቀላል አይደለም!

ጣጣው፣ በዓይን ቶሎ አይያዝም። የንጣፎቹ ቅደም ተከተል ስለማይዛባ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው በንጣፉ ፊት ላይ ያለ ነጭ የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ጭረት ነው። የንጣፉን ፊት በጣቴ ስዳብሰው በአንዱ አቅጣጫ ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው በጥቃቅን ደረጃዎች ይሻክራል። ጭረቶቹ ለእጥፋቱ ዘንግ (ንብርብሩ ለታጠፈበት መስመር) ቀጤ ነክ ከሆኑ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ከመታጠፉ በፊት ንብርብሩን ያቋረጠ የማዕድን ጅማት (ማዕድን የሞላው ስንጥቅ) እዚያው ድንበር ላይ ተቆርጦ ፈቀቅ ካለ ደግሞ፣ በቃ፣ ተይዟል።