ጎርጎራ፦ ዓይን የማይደርስበትን የሐይቅ ወለል ለማሰስ

ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላድባና በጭዋሂት አድርገን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን የሰመጠ ጀልባ ልንፈልግ ጣና ዳር ጎርጎራ ወደብ ስንደርስ መጀመሪያ ያወጣነው ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የውሃ ጥራት መለኪያ ክብ ሳህን ነው። በተለካ ገመድ ከጀልባዋ ጎን ስናወርደው አንድ ሜትር ሳይሞላ ተሰወረ። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ትልቁ ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ግን ጠላቂ እጁን በማያይበት ውሃ የሰመጠ ጀልባ በዳበሳ መፈለግ አየር መጨረስ ነው። ፍለጋው በድምፅ ሞገድ ወለሉን የሚያሳየው መሣሪያ፣ የሶናር ነው፤ ጠላቂው ሶናሩ የጠቆመውን ሊያጣራ ይገባል።

ሶናሩን በገመድ መጎተት እዚህ አያዋጣም፤ ጀልባዋ ዝግ ስትል ወርዶ ደለል ላይ ይተከላል። በብረት ቱቦ ከጎኗ፣ ወደ ፊት ማሰር ይሻላል፤ የሞተሩ አረፋ ምስሉን ያበላሸዋልና። በግራና በቀኝ 50 ሜትር እንዲያይ ካደረግነው መስመሮቹን በ40 ሜትር እናራርቃቸዋለን፤ ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚቀረውን ዕውር ቦታ ቀጣዩ መስመር ይሸፍነዋል። 1 ኪሎ ሜትር በ500 ሜትር ለሆነ ቦታ 13 መስመር ይበቃል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ ከነመዞሪያው ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳ ማለዳ መጀመር ግድ ነው። እምቦጭ የተኛበትን ዳርቻ ከካርታው ሰረዝነው፤ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል።

ብረት በማግኔቱ የሚያሸተውን ማግኔቶሜትር ግን ብዙ ባታምኑት ይሻላል። የጣና ዙሪያ ባዛልት የተባለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ማግኔት አለው። መሣሪያው «ብረት» ያለው ሁሉ ብረት አይደለም፤ ሶናሩም ያየውን ብቻ መያዝ ነው። ከሁለቱም የሚልቅ ምንጭ አለ፦ ዓሣ አስጋሪዎቹ። «መረብ የሚቀደድባችሁ የት ነው?» ብሎ መጠየቅና የሚያሳዩትን ነጥብ በጂፒኤስ መያዝ የግማሽ ቀን አሰሳ ያተርፋል። የጉማሬ መውጫንም የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

ከደንገል የተሠራ ታንኳ ይበሰብሳል፤ የሚገኘው ጭነቱ ነው። የእንጨት ጀልባ ግን እንጨት የሚበላው የባህር ትል ጨው በሌለው ውሃ ስለማይኖር ደለል ከሸፈነው ይቆያል። ደለሉን መጥረግ ማጥፋት ስለሆነ አይነካም፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 መሠረትም ፈቃድ ሳይያዝ አይጀመርም።

ጠላቂ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል የሚያሳዩት ሰንጠረዦች የተሠሩት ለባህር ጠለል ነው። ጣና 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ እዚህ 10 ሜትር መጥለቅ እንደ 12 ሜትር ተኩል ይቆጠራል። ከቆላ የመጣ ጠላቂ 12 ሰዓት ሳያርፍ አይገባም፤ ከጎንደር የወረደ ግን ከፍታውን ለምዷል። ክብደት ማስተካከያው እርሳስም ከባህሩ 2 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ደግሞ ከሐይቁ 300 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ ስንጠልቅ በሰውነት የተጠራቀመው ናይትሮጅን ሳይወጣ ዳገቱን መውጣት ስለማይቻል፣ በጠለቅንበት ማታ ማደሪያችን ጎርጎራ ነው።