«ጋሼ፣ ፔንዲንግ ይላል፤ ልልቀቅለት?»

ደሴና ኮምቦልቻ ቁጭ ብለው ለውጭ ደንበኛ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ሎጎ የሚሠሩ ልጆች አሉ። አንዳንዱ ደንበኛ የሚከፍለው በቢትኮይን ነው። (ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል፤ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።) በቴሌግራም የሚመጣልኝ ጥያቄ ታዲያ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ገንዘቡ ዋሌቴ ላይ ታይቷል፣ ግን ፔንዲንግ ይላል። ፋይሉን ልልቀቅለት?»

አትልቀቅ።

ፔንዲንግ (በመጠባበቅ ላይ) ካለ ገና ብሎክ ውስጥ፣ ማለትም የጸደቁ ክፍያዎች በየተራ በሚመዘገቡበት ገጽ ውስጥ፣ አልገባም። ላኪው የፈረመው ትዕዛዝ በየኮምፒውተሩ ተበትኖ፣ ሜምፑል የሚሉት ቦታ ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋው ደግሞ ቀድሞ ለመጣ አይደለም፤ ማይነሮች (ብሎኩን የሚሠሩት) የሚያነሡት የተሻለ ፊ (የመላኪያ ክፍያ) ያለውን ነው። ላኪው ያንኑ ሳንቲም ወደ ራሱ ሌላ አድራሻ አዙሮ፣ ፊውን ከፍ አድርጎ እንደገና ቢፈርምስ? ሁለቱ አብረው አይገቡም። ማይነሩ የሚያዋጣውን ይወስዳል፣ ያንተ ከዋሌትህ ላይ እልም ይላል። ፋይሉ ግን ሄዷል። ባቲ ገበያ ግመል የሚሸጥ ሰው ብሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ ገመዱን አይለቅም፣ አንተ ምን አስቸኮለህ?

«የኔ እኮ አርቢኤፍ የሚል ምልክት የለውም፣ ሊተካ አይችልም» የሚሉኝ አሉ። አርቢኤፍ ማለት ላኪው ፊ ጨምሮ ክፍያውን ሊተካው እንደሚችል የሚናገር ምልክት ነው፤ ምልክቱ ከሌለ አይተካም ማለት ግን ያረጀ ወሬ ነው። የቢትኮይን ፈጣሪ ናካሞቶ በመጀመሪያው ሶፍትዌር መተካትን ፈቅዶ ነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ በ2016 በዋናው የቢትኮይን ሶፍትዌር፣ በቢትኮይን ኮር 0.12፣ ምልክት ላለው ብቻ ተብሎ ተመለሰ። በ2024 መጨረሻ የወጣው 28.0 እትም ግን ማንም ምንም ሳይነካካ፣ ምልክት ኖረም አልኖረም የተሻለ ፊ የከፈለውን ምትክ ይቀበላል። ስለዚህ ምልክት የለውም ብለህ አትተኛ።

መተካት በራሱ ግን ሌብነት አይደለም፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ገበያው በባይት (በትዕዛዙ የመረጃ መጠን) 15 ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ ክፍልፋይ) እየጠየቀ አንተ 2 ብለህ ከላክህ ትቆማለህ። ኖዶች (ሶፍትዌሩን የሚያስኬዱት ኮምፒውተሮች) ሌላ ካልተባሉ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ይጥሉታል፤ እስከዚያ ከመንጠልጠል ፊ ጨምሮ መተካት ይሻላል። እዚህ ላይ አንዷ ልጅ ደንግጣ ደወለችልኝ፦ «የላከልኝ ጠፋ፣ በላኝ!» ከፍተን ስናይ ደንበኛው ፊ ጨምሮ ወደዚያው አድራሻዋ ልኮታል። ሲተካ የትራንዛክሽኑ መለያ ይቀየራል፣ እሷ የያዘችው የድሮውን ነበር። መለያውን ትተሽ አድራሻውንና መጠኑን እዪ አልኳት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ገና ብሎክ ያልገባውን ገንዘብ ለሌላ ሰው መላክ ነው። ከደንበኛው የመጣውን ፔንዲንግ ለጓደኛህ ትልካለህ፣ ጓደኛህ ለሌላ ይልካል። ላኪው የመጀመሪያውን ከተካው ከሥሩ ያለው ሰንሰለት በሙሉ ይፈርሳል። ያኔ ጓደኛህ የሚይዘው ያንን ፈረንጅ አይደለም፣ አንተን ነው።

ስንት ኮንፈርሜሽን (ክፍያህ የገባበት ብሎክና ከላዩ የተደረደሩት ሲቆጠሩ) ይበቃል? ለትንሽ ሥራ አንድ፣ ትልቅ ከሆነ ስድስት ጠብቅ፤ ይህም በአማካይ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ብሎክ በአማካይ 10 ደቂቃ ይባላል እንጂ አንዳንዴ አርባም ይፈጃል፣ አትረበሽ። (የምለው ስለ ቢትኮይን ነው፤ ትሮን በሚባለው ሌላ መረብ ላይ ያለው ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረው ሳንቲም) አሠራሩ ሌላ ነው።) እስከዚያ ስምህ የታተመበትን፣ ጥራቱ የወረደውን ናሙና ላክለት። «አብሽር፣ አንድ ብሎክ ይግባና ሙሉውን እልካለሁ» በለው። ካጣደፈህ ፊውን እሱ ይጨምር። አልጨምርም ካለም፣ የመጣልህን ሳንቲም ከፍ ባለ ፊ ወደ ራስህ አድራሻ ላከው፤ ማይነሩ ያንን ፊ ለማግኘት የፊተኛውንም አብሮ ማስገባት አለበት። ወጪው ያንተ ነው፣ በሚቀጥለው ዋጋ ስትናገር አስበው።