ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል

ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝን መለየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እሱን እንለፈው። የክፍላችንን ሳምንት የበላው ፍሌት፣ ማለትም የፈሳሽ መፍላት፣ ነው።

ደብተራችን ላይ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ይላል። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ጥደን ቴርሞሜትር ስንከት ግን ውሃው እየተንደቀደቀ ንባቡ 92 አካባቢ ላይ ቆመ። እሳት ቢጨመርም ንቅንቅ የለም። አብሽሩ፣ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው! ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጪው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከፍታ ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀት በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ቢለካ ወደ 94 ይጠጋል። ደሴ ላይ የባቄላ ንፍሮ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው፤ እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ አያሞቀውም።

ቴርሞሜትሩን የሚጠራጠር በበረዶ ይፈትነው። በረዶውን ፈጭቶ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ማማሰል፣ 3 ደቂቃ መጠበቅ። የበረዶ ነጥበ ቅልጠት (የሚቀልጥበት ሙቀት) በከፍታ ብዙም ስለማይለወጥ 0 ማሳየት አለበት። 2 ካሳየ ከፈላው ውሃ ንባብ ላይም 2 ይቀነሳል። ውሃው ከበዛና በረዶው ከተንሳፈፈ ፈተናው አይሠራም፤ ታች ያለው ውሃ ሞቅ ይላል። ሲፈላም የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ወለል ከነካ የሚለካው ብረቱን ነው።

«ጨው ቢጨመርበት 100 ይገባል» የሚል አለ። አይገባም። 10 ግራም ጨው የዚህኑ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ መፍያ ሙቀት ከፍ የሚያደርገው 0.7 ዲግሪ ያህል ነው። 10 ግራም ስኳር ደግሞ 0.06 ብቻ። አዮኒክ ቦንድ (ተቃራኒ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች የሚያያይዘው) እዚህ ላይ ይገባል፦ ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ተለያይተው ሁለት ይሆናሉ፣ ስኳር ግን ኮቫለንት ቦንዱን (አተሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው የሚያያዙበትን) ሳይፈታ ሙሉ ሞለኪውሉን ይዞ ይሟሟል፤ ሞለኪውሉም ከባድ ስለሆነ በ10 ግራም ውስጥ ቁጥሩ ትንሽ ነው። እውነቱን ለመናገር የስኳሩን 0.06 በስሌት እንጂ በዓይን አላየነውም፤ በየ1 ዲግሪው የተሰመረ ቴርሞሜትር አያሳየውም። የቦንድ ዓይነቶችን ሰንጠረዥ ከመሸምደድ ግን ይህ ስሌት ይሻላል።

አሁንም የሚያደናግረው አረፋው ነው። «ሲፈላ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያሉ» የሚባለው ስህተት ነው። 18 ግራም ውሃ ለማትነን ወደ 41 ኪሎ ጁል ጉልበት ይበቃል፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ኮቫለንት ቦንዶች ለመበጠስ ግን ወደ 930 ያስፈልጋል። ሲፈላ የሚላቀቀው አንዱን የውሃ ሞለኪውል ከሌላው ጋር የሚይዘው ደካማው ሃይድሮጅን ቦንድ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ የብረት ሰሃን ከእንፋሎቱ በላይ ቢያዝ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ያው ውሃው ነው።