ከማዘጋጃ ቤት እስከ መስቀል አደባባይ፦ ቸርችልን በድሮ ፎቶ መውረድ

የድሮ ፎቶ ይዞ፣ ያኔ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ነጥብ ፈልጎ፣ ከዚያው ነጥብ እንደገና ማንሳት ለአዲስ አበባ አማተር የሚስማማ ሥራ ነው። መንገዱም እንደ ቸርችል ጎዳና የሚመች የለም። ከላይ ከማዘጋጃ ቤት በኩል ቆሞ ቁልቁል እስከ ለገሀር ያለውን ማንሳት የፖስትካርድ አታሚዎች የቆየ ልማድ ስለነበር፣ ያ እይታ በየቤቱ አልበም ውስጥ አይጠፋም። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ የአምስትና የስድስት ዓመት ፎቶም "ድሮ" ሆኗል።

ቦርሳዬ ቀላል ነው። ያገለገለ ኒኮን ዲ7200፣ 18–55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ፣ ለምሽት ብዙ ብርሃን የሚያስገባ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል)፣ መጠባበቂያ ባትሪ፣ የ3 ሜትር ሜትሮና አንድ ኪሎ ሽምብራ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት። ከረጢቱ አጥር ወይም ደረጃ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን ይሸከማል፤ ትራይፖድ ባየ ቁጥር የሚጠጋ ጥበቃ ከረጢት ሲያይ ዝም ይላል። የድሮው ፎቶ በኤ5 ወረቀት ታትሞ በላስቲክ ይሸፈናል። ስልክ ላይ ይዞ መሄድ አይሠራም፤ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፣ ጣት በነካው ቁጥርም መጠኑ ይለዋወጣል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ በማስመሪያ የሚለካ ምስል ያስፈልጋል። የካሜራው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠርና በ24 ሰዓት ይሞላል። የሐበሻ ሰዓት የሞላ ሰው ኋላ ፎቶውን ከስልክ የጂፒኤስ መዝገብ ጋር ሲያገናኝ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይገጥመዋል።

የምነሳው በማለዳ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ወርቃማው ብርሃን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጠዋት ከ12፡05 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ እንደየወሩ ትወጣለች፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው ጠንክሯል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደጃፍ ላይ ያለው ፈተና ነጠላ ነው። ካሜራው የፊትን ጥቁረት አይቶ ብርሃን ሲጨምር የነጠላው ሽመና ነጭ ወረቀት ይሆናል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በ0.7 ስቶፕ ቀንሼ (አንድ ስቶፕ ብርሃንን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) በራው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ አነሳለሁ፤ በዝቅተኛ የብርሃን ስሜት፣ በአይኤስኦ 100፣ የተነሳ የራው ፋይል ጥላው ኋላ 1.5 ስቶፕ ቢነሳለት አይቆሽሽም፣ የነደደ ነጭ ግን አይመለስም። አደባባዩ ላይ የምኒልክ ሐውልት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ ጥቁር ነሐስ፣ ጀርባው ብሩህ ሰማይ። እዚያ 1 ወይም 1.3 ስቶፕ ይጨመራል፣ ሰማዩ ቢነጣም ይነጣ።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ ዋናው ሥራ ይጀመራል። ነጥቡን ለማግኘት ከድሮው ፎቶ ላይ ዛሬም ያሉ ሁለት ነገሮች ይመረጣሉ፤ አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ፣ በፎቶው ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ። ለምሳሌ የቅርብ ሕንፃ ጠርዝና ከኋላው ያለ የሩቅ ሕንፃ መስኮት። ጠርዙ ስንተኛውን መስኮት እንደሚሸፍን በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ቦታው ላይ ቆሜ የቅርቡ ጠርዝ ከፎቶው ይልቅ ወደ ቀኝ ሄዶ ካገኘሁት፣ እኔ ከትክክለኛው ነጥብ ወደ ግራ ነኝ ማለት ነው፤ ወደ ቀኝ እጠጋለሁ። ይህ የጎን መስመሩን ይሰጣል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ርቀት ይቀራል፤ ለዚህ ሁለተኛ ጥንድ ከፍሬሙ ሌላ ዳር ይመረጣል። ሁለቱም ጥንዶች በአንድ ጊዜ የሚገጥሙት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። በሕንፃዎች መካከል የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ይስታል፤ ይህ ዘዴ ግን፣ የቅርቡ ነገር በቂ ቅርብ ከሆነ፣ እስከ ስንዝር ድረስ ያደርሳል።

እዚህ ብዙ ሰው የሚበላሽበት ዙም ነው። ምስሉ ጠበብ ሲል ዙም ያደርጋል፣ ሰፋ ሲል ይመልሳል፣ በመጨረሻ የሕንፃዎቹ መጠን አንዱ ሲገጥም ሌላው አይገጥምም። ዙም የሁሉንም መጠን እኩል ነው የሚያሳድገው፤ የቅርቡንና የሩቁን ምጥጥን የሚወስነው የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌንሱ 18 ላይ ተቀምጦ አይነካም፤ ነጥቡ ከተገኘ በኋላ ፍሬሙ ይስተካከላል፣ ወይም ኋላ በኮምፒውተር ይቆረጣል። 24 ሜጋፒክሰል ግማሹ ቢቆረጥ 12 ይቀራል፤ የፖስትካርድ ስካን ደግሞ 9 በ14 ሴንቲ ሜትሩ በ600 ዲፒአይ 7 ሜጋፒክሰል ገደማ ነው።

ቀጥሎ የካሜራው ከፍታ አለ። ሜዳ ላይ የቆሙ ሰዎች ራስ ከአድማሱ ጋር ከተስተካከለ ካሜራው በሰው ዓይን ልክ ነበር የሚባለው ደንብ ቸርችል ላይ አይሠራም፣ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ። የሚሠራው ሌላ ነው፦ በፎቶው ላይ የአጥሩ ራስ ከላይ ከታየ ካሜራው ከአጥሩ ይበልጥ ነበር። የቆዩ ፖስትካርዶች ብዙ ጊዜ ከሰገነት ወይም ከመኪና ጣሪያ የተነሱ ናቸው፤ ያኔ ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ በስክሪኑ እያዩ ማንሳት፣ ካልሆነም ልዩነቱን በማስታወሻ ጽፎ መተው ነው። ድሮን ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ስለሆነ ከሐሳቤ አላስገባውም። የካሜራው አድማስ አመልካች ይከፈታል፣ ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ይያዛል። የድሮዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች ሌንሳቸውን ብቻ ወደ ላይ ገፋ ማድረግ ይችሉ ስለነበር የፖስትካርዱ ሕንፃዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እኛ ያንን የምናገኘው ሰፋ አድርገን አንስተን የታችኛውን አስፋልት በመቁረጥ ነው።

ስለ ብርሃኑ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር ማየት ወደ ደቡብ ማየት ነው። በበጋ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለሆነች ፊት ለፊት ትመታለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ግን ከአናታችን አልፋ በሰሜን ትቆማለች፣ ያኔ መንገዱ ከጀርባችን ይበራል። ችግሩ የዚያ ጊዜ ግማሹ ክረምት ነው። በበጋ ቁልቁል ለማንሳት የሚሻለው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ከግራ ስትሆን ነው፤ ሌንሱን በእጅ መከለል አይረሳ። ወደ ላይ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለማንሳት ግን የበጋ ቀን ሙሉ ይመቻል።

ይኸው ነገር ቀን ያልተጻፈበትን ፎቶ ዕድሜ ለመገመትም ይጠቅማል። የምሰሶ ጥላ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ከወደቀ ፎቶው በሚያዝያና በነሐሴ መካከል የተነሳ ነው፤ ወደ ሰሜን ከወደቀና የምሰሶውን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል ከሆነ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። (እውነተኛው እኩለ ቀን እዚህ ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ይዋልላል።) ዓመቱን የሚናገሩት ሐውልቶችና ሕንፃዎች ናቸው። የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነቅሎት ስለነበር አደባባዩ ባዶ የሆነበት ፎቶ የግድ ከዚያ በፊት ነው ማለት አይቻልም። አቡነ ጴጥሮስ ከቦታቸው የጠፉበት ፎቶ ለባቡሩ ግንባታ ከተነሱበት ከ2005 ዓ.ም. እስከ ተመለሱበት 2008 ድረስ ያለ ነው። የትግላችን ሐውልት ከሌለ ከ1977 ዓ.ም. በፊት። የንግድ ባንክ ማማ ካለ የቅርብ ነው፤ የተመረቀው በ2014 ዓ.ም. ነው። ከፎቶው ጀርባ ቀን ተጽፎ ከተገኘም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያረጋግጡ ማመን የለም፤ 1960 የተባለው ሰባት ስምንት ዓመት ሊንሸራተት ይችላል።

በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወርዶ ትግላችን ሐውልት ጋ ደርሶ ወደ ብሔራዊ ቴአትር መሄዱ በእግር ቀላል ነው፤ ፎቶ ማንሳቱ ግን በየበሩ ካለ ጥበቃ ጋር መነጋገር ይጠይቃል። "ጋሼ፣ ይህችን ቦታ ነው የምፈልጋት" ብሎ የታተመውን ፎቶ ማሳየት ከማንኛውም መታወቂያ ይበልጣል። ብዙዎቹ ያኔ ምን እንደነበረ መንገር ይጀምራሉ፤ አንዳንዴም እኔ የሳትኩትን መስኮት የሚያሳዩኝ እነሱ ናቸው። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። ወታደር፣ ፖሊስና ቤተ መንግሥት አካባቢ ካሜራ ከቦርሳ አይወጣም።

ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ጥሩ የቅርብ ምልክት ነው፤ ጠርዙ ስለታም፣ ቦታው ቋሚ። ከዚህ አካባቢ የሚያስቸግረው 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ማማ ነው። ካሜራውን ሳያዘነብሉ፣ በቁም ይዘው፣ በ18 ሚሊ ሜትር ሙሉ ማማውን ለማስገባት 320 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ይኸው ነው፦ የሴንሰሩ (በካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ረጅም ጎን 23.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግማሹ 11.75፣ ለ18 ሲካፈል 0.65። ማለትም በእያንዳንዱ 100 ሜትር ርቀት ከካሜራው በላይ 65 ሜትር ይታያል። ቀርቦ ወደ ላይ ማዘንበል ይቻላል፣ ግን ማማው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ በሶፍትዌር ሲቃና ደግሞ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ከዳሩም ብዙ ይቆረጣል። ከ20 ዲግሪ በላይ የተዘነበለን ፎቶ ሙሉ በሙሉ አላቃናም፤ ጥቂት ውድቀት ሲቀርለት ነው ዓይን የሚቀበለው።

ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ለምንም አይሆንም። ያን ጊዜ ማኪያቶ አዝዞ ላፕቶፕ መክፈት ይሻላል፤ ነጥቡ ስቶ ከሆነም ገና ሰፈሩ ውስጥ እያለን ይታወቃል። የምጠቀምበት ሁሉ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ላይትሩም ለመልመድ ቀላል መሆኑን አልክድም፣ ግን በየወሩ በዶላር ይከፈላል። ራው ፋይሉ በዳርክቴብል ይከፈትና መጀመሪያ የሌንስ ማረሚያው ይበራል፤ 18 ላይ የዚህ ሌንስ ቀጥታ መስመር ስለሚያብጥ ይህ ሳይደረግ የሚመጣው ማመሳሰል ሁሉ ይዛነፋል። ከዚያ ኤክስፖዠር፣ ከዚያ ነጩን የሚያለዝበው ሲግሞይድ፣ በመጨረሻ የቀለም ማመጣጠኛ። የአዲስ አበባ ጥላ በጣም ሰማያዊ ስለሚሆን በጥላ የተነሳውን እስከ 7000 ኬልቪን ድረስ አሞቀዋለሁ።

ሁለቱን ፎቶዎች ማጋጠም ሁጊን የተባለው የፎቶ ማገጣጠሚያ ፕሮግራም ሥራ ነው። ድሮውና አዲሱ ይገባሉ፤ የድሮው ሌንስ ስፋት ስለማይታወቅ 50 ዲግሪ ተብሎ ይገመትና ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያስተካክለው ይተዋል። ከዚያ ከ6 እስከ 8 የማገናኛ ነጥቦች በእጅ ይተከላሉ። ነጥቦቹ በአብዛኛው በሩቅ፣ ጥቂቶቹም በቅርብ ባሉ፣ ባልተቀየሩ ነገሮች ላይ፣ በፍሬሙም ላይ የተበተኑ ይሁኑ፤ ዛፍ፣ የመንገድ ጠርዝና የመብራት ምሰሶ አይታመኑም፣ ተነቅለው ተተክለው ይሆናል። ሲሰላ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ነጥብ ስህተት በፒክሰል ያሳያል። የሩቆቹ ገጥመው የቅርቦቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከሳቱ የቆምንበት ነጥብ ወደ ጎን ስቷል፤ ያ በሶፍትዌር አይታረምም፣ በእግር ተመልሶ ነው። ከገጠመ ሁለቱም ለየብቻ በቲፍ ይወጡና በጊምፕ እንደ ሁለት ሌየር ይነባበራሉ፤ የላይኛው ወደ 50 በመቶ ሲሳሳ ስህተት ካለ ሕንፃው ሁለት ጠርዝ ያወጣል። ግማሹን ድሮ ግማሹን ዛሬ አድርጎ ማደባለቅ ፋሽን ነው፣ እኔ አልወደውም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ራሱ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ለገሀር። የባቡር ጣቢያው ሕንፃ በ1929 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ወደ ሮም ተወስዶ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመለሰ። የድሮው ፎቶ ሁሉ ጣቢያውን ከቸርችል መጨረሻ ሆኖ ያሳያል፤ ዛሬ በዚያ እይታ መካከል የቀላል ባቡሩ ድልድይ አለ። ድልድዩን ለማስወገድ ወደ ፊት መጠጋት ነጥቡን መክዳት ነው። ከነድልድዩ ይነሳል፤ ሰው ሊያየው የሚገባውም እሱ ነው።

መስቀል አደባባይ ላይ የምደርሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሰማያዊ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ ጥቁር ነው። ከረጢቱ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ለመኪና መብራት መስመር ከ8 እስከ 15 ሰከንድ፣ ለሚያልፍ ባቡር 2 ሰከንድ። የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ ይጠፋል፤ ቆሞ ባለ ካሜራ ላይ ራሱ ምስሉን ያደበዝዛል። ሹተሩ በ2 ሰከንድ ራስ ማንሻ ይለቀቃል። ሰው ለማንሳት 35ቱን አስገብቶ በእጅ ይዞ ሲነሳ ደግሞ መብራቱ ያስቸግራል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ1/250 ሲነሳ አንዱ ፍሬም ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለማ፣ ሌላው ባለ ቢጫ መስመር ይወጣል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ ይጠፋል። ትልልቆቹ ስክሪኖች ግን በ1/100ም መስመር ያወጣሉና ወደ 1/30 መውረድ ያስፈልጋል፤ ያኔ የሚራመደው ሰው ይደበዝዛል፣ አንዱን መምረጥ ነው።

ካርዱ ወደ ላፕቶፕ ሲገለበጥ የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን፣ አንዳንድ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል ስምን ያበላሻልና። የቆምኩበት ነጥብ ግን በአማርኛ በመግለጫው ቦታ ይጻፋል፦ ከየትኛው ጠርዝ ስንት ሜትር፣ ካሜራው ከመሬት ስንት፣ ሌንሱ ስንት ላይ፣ የትኛው መስኮት በየትኛው ጠርዝ ተሸፍኖ። ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከቤት ውጭ። ካርዱ እስከዚያ ድረስ አይደመሰስም።