የፖሊስ መኪናውና ያልተጠየቀው ሳጅን

ለፖሊስ ተብሎ የተሠራ አዲስ አውቶሞቢል ፎቶው በስልክ ሲዞር አስተያየት የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ ቀለሙን ያደንቃል። ሌላው ፍጥነቱን ይጠይቃል። ሦስተኛው ዋጋውን ሰምቶ ራሱን ይይዛል። ውስጡ ተቀምጦ የሚውለው ሰው ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። ይህን የምጽፈው አንድ ሥራ እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ለቅኝት የሚሆን አውቶሞቢል ወደ ጋራዣችን ላከ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። መኪናው አዲስ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ጣሪያው ላይ መብራት፣ ኮፈኑ ሥር ሳይረን፣ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ግጠሙ ተባልን። ይዘውት የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከግዢ ክፍል ነው፤ ፋይሉን በብብቱ ይዟል። ሁለተኛው መኪናውን የሚነዳው ሳጅን ነው። ሙሉ ትጥቁን ታጥቆ ዳር ላይ ቆሟል። የሚናገረውም ሲጠየቅ ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ለልምምድ የመጣ ተማሪ አብሮን ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። መኪናውን ሲያይ ስልኩን አውጥቶ የአሜሪካኖቹን የፖሊስ አውቶሞቢሎች ያሳየን ጀመር። ክራውን ቪክቶሪያን ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችኋታል። ሻንሲ ላይ የተቀመጠች፣ በኋላ እግሯ የምትገፋ፣ ቪ ስምንት ሞተር ያላት ናት። ፎርድ ካናዳ በሚገኘው ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻዋን ሠርቶ አቆመ። ምትኳን ግን ቀድሞ፣ በ2010፣ አሳይቶ ነበር፤ ቶረስ በተባለው የራሱ የቤት መኪና ላይ የተመሠረተው የፖሊስ አውቶሞቢል ማለት ነው።

እኔን የሳበኝ ፍጥነቱ አይደለም። የዚህ ምትክ መኪና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ 220 አምፒር ነው። የፊት ወንበሩ ጎን መታጠቂያ ለታጠቀ ሰው ተብሎ ዝቅ ተደርጓል። ከኋላ የተቀመጠ ተጠርጣሪ በስለት እንዳይወጋ ወንበሩ ጀርባ ውስጥ ብረት ገብቷል። ማርሹ መሪው ሥር ነው፤ መሀሉ ለሬዲዮና ለኮምፒውተር ክፍት እንዲሆን። ከኋላ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ቢመታው እንዲቋቋም ተብሎም ተፈትኗል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። የክራውን ቪክቶሪያ ነዳጅ ታንከር ከኋላ አክሰሉ በስተጀርባ ነበር። መንገድ ዳር ቆመው ሳለ ከኋላ ተመትተው፣ መኪናው በእሳት ተያይዞ የሞቱ ፖሊሶች አሉ።

ይህን እያየን ሳለ ኮፈኑን ከፈትኩ። የኛዋ ዲናሞ ላይ 80 አምፒር ተጽፏል። ባትሪዋ ባለ 60 አምፒር-ሰዓት ነው። ለቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የጠየቅኩትም ሳጅኑን ነው።

«ሳጅን፣ አንድ ቦታ ስትቆሙ ሞተሩን ታጠፋላችሁ?»

«እናጠፋለን እንጂ» አለኝ። «በገበያ ቀን ሂርማታ በኩል ከጠዋት እስከ ቀትር ነው የምንቆመው። ነዳጅ ቆጥቡ ተብለናል። ሬዲዮው ግን አይጠፋም። መብራቱንም ሰው እንዲያየን እናበራዋለን።»

በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። ሬዲዮውና መብራቱ ተደምረው ስምንት አምፒር ቢበሉ፣ ባለ 60ው ባትሪ አራት ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የሞተር ማስነሻ ባትሪ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ቀስ በቀስ እየተመጠጠ ሲውል ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ይጎዳሉ። ሞተሩን ሳያጠፉ ቢቆሙ ባትሪው ይህን ያህል አይመጠጥም፤ ግን ነዳጅ ይበላል፤ ዲናሞም ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም። መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። ከአውስትራሊያ እየተጫነ አሜሪካ ለፖሊስ ይሸጥ የነበረው ሼቭሮሌ ካፕሪስ ለመሣሪያዎቹ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ይገጠምለት ነበር። ሞተር ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ አንድ ሪሌ፣ ወፈር ያለ ሽቦና ከባትሪው ሥር ፊውዝ ቢኖር እኛም እንሠራዋለን።

ይህን ለግዢው ሰው አስረዳሁት። ረጋ ብዬ፣ ወረቀት ላይ ስዬ ነው ያሳየሁት። ወረቀቱን እንኳ አላየውም። ፋይሉን ከፍቶ በጣቱ አንድ መስመር ነካና «እዚህ ላይ ሁለተኛ ባትሪ አልተጻፈም» አለኝ። «አልተጻፈም፤ ግን ሥራው ይፈልገዋል» አልኩት። ይሄኔ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ አንተ ሽቦ ቀጥል፤ ሐሳብ አትቀጥል።»

ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰማ። ጎሚስታው ቀና አለ። ተማሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ደሜ ፈላ። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን ልጅ አጠገቤ ቆሟል፣ ደንበኛ ፊቴ አለ፣ ዋጥ አደረግኩት። የተሰማኝ ግን ንዴት ብቻ አልነበረም። የኛ ሥራ ሐሳብ ነው። ሽቦ መቀጠልማ ማንም ይቀጥላል። የትኛው ሽቦ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል፣ የት እንደሚሞቅ፣ በዝናብ ቀን የትኛው እንደሚያስቸግር ማወቅ ነው ሙያው። ያንን ሲነሳኝ እንጀራዬን የነሳኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሳጅኑ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ወደ መኪናው ሄደና የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እስቲ ና፣ ይህንንም እየው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሽጉጡ በወንበሩ ከፍ ያለ ጎንና በመኪናው ቀበቶ መቆለፊያ መካከል ተቀርቅሯል። ቀበቶውን ለማሰር መታጠቂያውን በግራ እጁ ወደ ላይ መሳብ፣ በቀኝ እጁ መቆለፊያውን በዳበሳ መፈለግ አለበት። ለመውረድ ሲሞክር ደግሞ ዱላው በሩ ላይ ተያዘ። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ ዞር ብሎ እንደገና ወጣ። ሌባ አይቶ ሊወርድ የሚቸኩል ሰው ይህን ሁሉ ሲያደርግ አስቡት።

«ሲገዛ አልሞከርከውም?» አልኩት።

«ማን ጠይቆኝ? ቁልፉን ነው የሰጡኝ።»

የግዢው ሰው ከወዲያ ሆኖ «ወንበሩ ምን ጎደለው? ቆዳ እኮ ነው» አለ። ሳጅኑ አልመለሰለትም።

እኔም ጋራዣችን በሚሠራበት ደንብ ሄድኩ። የሥራ ትእዛዙ ላይ «ሁለተኛ ባትሪ እንደሚያስፈልግ ለደንበኛው ተነግሯል፤ ደንበኛው አልተቀበለም» ብዬ ጻፍኩና አስፈረምኩት። ሳያነበው ፈረመ። የታዘዝኩትን በንጹሕ ሠራሁ። ሽቦዎቹን በላስቲክ ቱቦ አስገባሁ፣ ፊውዛቸውን ለየብቻ አደረግኩ፣ የጣሪያውን ቀዳዳ ውኃ እንዳይገባ በሲሊኮን ደፈንኩ። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ወለሉ ኩሬ ይሆናል።

ብዙም አልቆየም። መኪናዋ በዝናብ፣ አይሱዙ ኋላ በገመድ ታስራ ገባች። ሳጅኑ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ገበያው ዳር ቆመው ሳለ ጥሪ መጣላቸው፣ ቁልፍ ቢያዞሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ብሎ ቀረ። ሰዉ እየሳቀ ገፋቸው፤ ግን መኪናዋ አውቶማቲክ ስለሆነች በግፊ አትነሳም። ቴስተር ስሰካ ባትሪው 11 ቮልት አልሞላም። የሞላ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው የሚያሳየው። እዚያ ጥሪው ቦታ ማን ይጠብቃቸው እንደነበር አላውቅም። ያን ቀን የከነከነኝ እሱ ነው። እኛ ጋ ዘግይቶ የመጣ መኪና ብር ያስከፍላል፤ እነሱ ጋ ዘግይቶ የደረሰ መኪና ሌላ ነገር ያስከፍላል።

በነጋታው የግዢው ሰው መጣ። መጀመሪያ ባትሪው ፎርጅድ ነው አለ። ከዚያ ገጠማው ላይ ችግር አለ አለ። የፈረመበትን ወረቀት አወጣሁለት። አነበበው፤ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ያለኝን ዛሬም አልረሳውም፦

«ታዲያ መጀመሪያውኑ አጥብቀህ አትነግረኝም ነበር?»

መልስ አልሰጠሁትም። ተማሪው ሊናገር ሲል እጁን ያዝኩት። አሁን ሳስበው ዝም ማለቴ ልክ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ባትሪ በዚያው ቀን ተፈቀደ። በክርክር ቢሆን ኖሮ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋምለት ነበር። የተደፈነ፣ ጋዝ የማያወጣ ባትሪ መርጬ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በብረት አሰርኩት። ሬዲዮና መብራቱን ከዚያ አስነሳሁ። ከዚያ በኋላ ያቺ መኪና በገመድ ተጎትታ አልመጣችም።

ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ከተማሪው ጋር ረጅም ክርክር ገጠምን። እኔ፣ የፖሊስ መኪና የሚሠራም የሚገዛም መጀመሪያ ፖሊሱን ይጠይቅ አልኩ። እሱ ደግሞ ካርቦን ሞተርስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ አነሳብኝ። ከመሥራቾቹ አንዱ ራሱ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። ኢ ሰባት የምትባል፣ ከቤት መኪና ያልተቀየረች፣ ከመነሻዋ ለፖሊስ ብቻ የታሰበች አውቶሞቢል ነደፉ። የኋላ በሮቿ ወደ ኋላ ነው የሚከፈቱት፤ እጁ በካቴና የታሰረ ሰው በቀላሉ እንዲገባ። የኋላ ወንበሯ በውኃ ይታጠባል። ሞተሩን ከቢኤምደብልዩ ሊወስዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ተስማምተው ነበር፤ ከ240,000 በላይ የናፍጣ ሞተር። የመንግሥት ብድር ጠየቁ፤ በ2012 ተከለከሉ። በ2013 ኪሳራ አወጁ። አንድም መኪና ለፖሊስ ሳያስረክቡ።

«ጠይቀው የሠሩት ይኸው የት ደረሰ?» አለኝ።

ልጁ እውነት አለው፤ ሙሉ መልስ የለኝም። መጠየቅ ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም፤ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ብዙ ገዢ ይፈልጋል። ፎርድ እንኳ የፖሊስ አውቶሞቢሉን እ.ኤ.አ. በ2019 አቁሞ ከፍ ባለችው ኤክስፕሎረር ላይ ነው ያተኮረው። በዚህስ እኛም ሳንስማማ አንቀርም። ሳጅኑ ክረምት ላይ ከአስፋልት ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌ በገባ ቁጥር የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ይመታል፤ እሱ ቢጠየቅ መጀመሪያውኑ ፒካፕ ነበር የሚለው። ግን የወንበር ጎን ዝቅ ለማድረግ ፋብሪካ መክፈት አያስፈልግም። ሁለተኛ ባትሪ ለመግጠም የ240,000 ሞተር ውል አያስፈልግም። ቁልፍ ከማስረከብ በፊት አንድ ሰው ትጥቁን እንደታጠቀ አስቀምጦ «እስቲ ውረድ» ማለት በቂ ነው።

የወንበሩ ነገር እስካሁን እንዳለ ነው። ወንበር የሚሰፋ ጎረቤታችን ስፖንጁን ቆርጦ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳጅኑ ማመልከቻ አስገብቷል፤ የመንግሥት ንብረት ቅርጹ አይቀየርም የሚል መልስ በቃል ተነግሮታል። እኔም በጽሑፍ ይሰጡህ ብዬዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ መኪና ሊጨምር ነው የሚባል ወሬ ስለሰማሁ የወንበሩን ልክ፣ የባትሪውንና የሽቦውን ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ለሳጅኑ ሰጥቼዋለሁ፤ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ለግዢ ክፍል ያስገባዋል።