ጾሙስ ቀላል ነው

ሰሞኑን አንዲት የሰፈሬ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። ፕሮሰሷ እያለቀ ነው፣ ቪዛው ከተመታላት የምትመጣው እኛው ጋ ሜሪላንድ ነው። ሌላው ሰው ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቃል። እሷ ግን ምን አለችኝ? «እዚያ ፈረንጅ አገር ሁዳዴን መጾም ይቻላል? ሃይማኖት ይዞ መኖርስ አይከብድም?»

ሳቄ መጣ። ሳልጨርሰው ግን አንድ ሌሊት ትዝ አለኝና ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሱን እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ጾሙስ ቀላል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ በያይነቱ ያጣ አበሻ አላየሁም። ፈረንጁ ራሱ ለነፍሱ ሳይሆን ለቦርጩ ብሎ ሥጋና ወተት ትቷል፣ የአጃ ወተት የአልሞንድ ወተት መደርደሪያ ሙሉ ነው። እኔማ የማታ ሺፍት ስለምሠራ 55ቱን ቀን ተኝቼ ነው የምጨርሰው። ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስነቃ 9 ሰዓት ሊሞላ ነው። (በእኛ አቆጣጠር ነው የማወራው፣ በዚህ ነገር አልተለወጥኩም።) ይህንን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ።

በጾም ጉዳይ ጥንቁቅ ነኝ። የብስኩት ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ በስልኬ አጉልቼ አነባለሁ፣ የወተት ዱቄት እንዳይኖርበት። በዚሁ ጥንቃቄዬ ደግሞ ለትንሣኤ ሥራ ቦታ ደውዬ «አሞኛል» እላለሁ። ምን ላድርግ? በ2016 የእኛ ፋሲካ ከእነሱ 5 ሳምንት ዘግይቶ ነበር የዋለው። ፈቃድ ስጠይቅ «ፋሲካ እኮ አለፈ» ተባልኩ። ይህን ሁሉ ባሕረ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከማስረዳ ሆዴን ቢያመኝ ይቀለኛል። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የተዋሸ ውሸት አይቆጠርም የሚል የራሴ ትርጓሜ ነበረኝ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ትላለች፣ እኔም አላረምኳትም። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ማገላበጥ ነው። ከማገላብጣቸው አንዷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞታል፣ ጭንቅላታቸው ግን ምላጭ ነው። በእንግሊዝኛ በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ አንቱ የሚባል ነገር የላቸውም። በልቤ ግን አንቱ እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ማተቤን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በ80 ቀኔ ስጠመቅ የታሰረልኝ ነው አልኳቸው። (ያሁኑ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተገዛ ነው።) ከዚያ ስለ ጾም ቀጠልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ስጾም ባዩኝ ቁጥር «ሙስሊም ነሽ?» ይሉኛል፣ ክርስቲያን ይጾማል ብሎ የሚያስብ የለም። እሳቸው ግን በደንብ ሰሙኝ። «ውሃም አትጠጪም?» አሉ። «ውሃም» አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። በጣም አደነቁ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ መደነቁን ወደድኩት።

ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ቆዳው ይቆስላል፣ የአልጋ ቁስል ደግሞ ክፉ ነው። ባገላበጥሽ ቁጥር ታብሌቱ ላይ ትመዘግቢያለሽ። ትንሽ ሳጥን አለች፣ ስትነኪያት አረንጓዴ ትሆናለች። ሰሞኑ ገብር ኄር፣ የሁዳዴ ስድስተኛው እሑድ፣ ነበር። ደብል፣ ማለትም ሁለት ሺፍት በተከታታይ፣ ሠርቼ ድካም ጥሎኛል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም የ8ንም የ10ንም ሳጥን ቀድሜ ነካሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ላይ ስብከት ሰክቻለሁ። ስብከቱ ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ታማኙ አገልጋይ። እሱን እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ነርሷ መጣች። ታብሌቱን እያየች «በ8ም በ10ም ተገላብጠዋል፣ ጥሩ ነው፣ ልክ ነው አይደል?» አለቻቸው። አልጋቸው ፊት ለፊት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሰዓቱን አዩ፣ ቀጥሎ ፊቴን ሳይሆን አንገቴን፣ ማተቤን አዩ።

«አዎ» አሉ።

ነርሷ ስትወጣ ዝም ብለው ቆዩና «በዚህ ዕድሜዬ አስዋሸሽኝ» አሉኝ። ቁጣ የለውም። ተማሪ ደብተሩን ሲቀዳ እንደያዘ አስተማሪ ነው የተናገሩት። ቢጮኹብኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፣ ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻዬን እንደምሠራ፣ አለቆቻችን ሰው እንደማይቀጥሩ፣ ሁሉንም እደረድረው ነበር። ላብ በላብ ሆኜ አገላበጥኳቸው። ዳሌያቸው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቦታ ቀልታለች። ያቺን ቅላት እስከዛሬ አልረሳትም።

ይጹም ዐይን ይጹም ልሳን ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝ። ዐይኔም አንደበቴም ጾመው ነበር እንበል፣ ሳጥን የሚነካው ጣቴ ግን ሲፈስክ አደረ።

በማግስቱ ለነርሷ ነገርኳት። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ሴትዮዋን ቀና ብዬ ማየት ስላቃተኝ ነው። እዚህ ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መመዝገብ ቀልድ የለውም፣ የሙያ ፈቃድ እስከማስነጠቅ ይደርሳል። ለእኔ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ያለ ደመወዝ 3 ቀን ሆነልኝ። ቅላቷም በጊዜ ስለታየች ሳትቆስል ጠፋች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኞቼ ሳወራ አንዷ «ማን ጠየቀሽ? ራስሽን በራስሽ!» አለች። ሌላዋ የ3 ቀን ደመወዝ ስንት እንደሚሆን አስልታ ነገረችኝ። ነጠላችንን መስቀለኛ እንደለበስን ነው ይህ ሁሉ። ማታ ግን አንደኛዋ ደወለችልኝ፣ «እኔም እንደዛ አደርጋለሁ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ስፈልግ «የእኛ ፋሲካ ነው» ብዬ ነው የምጠይቀው። አንዳንዴ ይፈቅዱልኛል፣ አንዳንዴ ማኅሌቱን በስልክ እየሰማሁ እሠራለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ስትመጪ ነጠላሽን ያዢ፣ የጸሎት መጽሐፍሽንም ያዢ። ስለ ምግብ አትጨነቂ። እዚህ «እግዚአብሔርን ካጂ» ብሎ የሚያስጨንቅሽ የለም፣ ማተብሽንም ማንም አይበጥስም። እንዲያውም ምን ያህል እንደምትጾሚ ሲሰሙ ያደንቁሻል፣ እሱ ላይ ተጠንቀቂ። አገር ቤት የሠፈር ሰው ዐይን ነበረብሽ። እዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንቺና አንድ መናገር የደከመው ሰው ብቻ ናችሁ። ኤጀንሲውም አለቃውም የሚያየው ሳጥኗን ነው። ደግሞ እንደመጣሽ ደብል አትያዢ፣ ብሩ ደስ ይላል፣ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ምንም ቢጸልይ ይዋሻል።

ይህንን ሁሉ በድምፅ ቀርጬ 11 ደቂቃ አድርጌ ላኩላት። ሰምታ ጨረሰች። መልሷ አንድ መስመር ነው፦ «እሺ እህትዬ፣ ሽሮ ላምጣልሽ?»

በርበሬም ጨምሪ አልኳት።