ሜሳ ቨርዴ፦ በመሰላል የሚገቡበት ሰፈር

አሜሪካ ውስጥ፣ ከአሪዞናዋ ከፊኒክስ ከተማ ወደ ሰሜን ሲነዱ የጥንት ሰዎች ገደል ሆድ ውስጥ ከሠሯቸው ቤቶች የመጀመሪያው ከአውራ ጎዳናው ብዙም አይርቅም። ሞንቴዙማ ካስል ይባላል። የሜክሲኮዎቹ የአዝቴኮች ንጉሥ ሞንቴዙማ ግን እዚያ ደርሶ አያውቅም፤ ስሙ እንዲሁ በግምት ተለጥፎ የቀረ ነው። አምስት ፎቅና 20 ያህል ክፍሎች አሉት፤ ከታች ሲያዩት ነጩ ገደል ውስጥ ተሸጉጧል። ያምራል፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ ጎብኚ ወደ ውስጥ አይገባም። አንጋጦ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መሄድ። እኔን እንዲህ ያለ ጉብኝት አያጠግበኝም።

ታናሽ እህቴ ይህን ታውቃለች። «ኮሎራዶ ግዛት፣ ሜሳ ቨርዴ ድረስ እንንዳ፤ እዚያ በመሰላል ወጥተሽ ነው የምትገቢው» አለችኝ። መሰላሉን በደንብ ሳልሰማ እሺ አልኳት።

መንገዱ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑትን የናቫሆዎችን ግዛት ያቋርጣል። ቀይ አፈር፣ ቀይ አለት፣ አልፎ አልፎ ፈረስ። ስልካችን ሳንነካው አንድ ሰዓት ወደፊት ዘለለ። አሪዞና በሙቀቱ ወራት ሰዓት አትቀይርም፤ ናቫሆዎቹ ግን ይቀይራሉ። የጉብኝቱ ትኬት በሰዓት የተቆረጠ ስለሆነ ይህን ልብ ማለት ይበጃል። ነዳጅ በመንገዳችን ካለችው ካየንታ ላይ ሞላን። እህቴ ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ ያማታል።

ሜሳ ቨርዴ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 600 ያህል የገደል ቤቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ይህ ፓርክ ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር ነው የገባው። ዕድሜያቸውም ከላሊበላ ጋር ይቀራረባል፤ አብዛኞቹ የተሠሩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው ነው።

እኛ ከነዚህ ቤቶች የመረጥነው ባልኮኒ ሀውስን፣ ማለትም «ባለ በረንዳውን ቤት» ነበር። መግቢያው 10 ሜትር ገደማ የሚሆን የእንጨት መሰላል ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይወጣበታል። አንዱን እግሬን ሳነሳ ሌላው ይንቀጠቀጣል። «አንቺ፣ ወደታች አትይ! አለቱን እያየሽ ውጪ» ትለኛለች እህቴ። እሷ ወደታች እያየች!

ከገባን በኋላ ፍርሃቱን ረሳሁት። በረንዳውን የተሸከሙት እንጨቶች ዛሬም ከግድግዳው ወጥተው ይታያሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ድንጋዮቹን ያያያዘው ጭቃ ውስጥ ጥቃቅን ጠጠሮች አንድ በአንድ ተጠቅጥቀዋል። የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም።

ቤቶቹ ያሉበትን ዋሻ የሠራው ውሃ ነው። ዝናቡና በረዶው በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ይወርድና፣ ውሃ የማያሳልፍ ሌላ አለት ላይ ሲደርስ በጎን ይወጣል። ብርድ ሲመጣ ይረጋል፣ አለቱን እየሰነጠቀ ይጥለዋል። ብዙዎቹ ቤቶች ፀሐይ እንዲያገኙ ወደ ደቡብ ዞረዋል። ባልኮኒ ሀውስ ግን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ በብርዱ ወራት ይቀዘቅዛል። በምትኩ ምንጭ አለው። እርሻቸው፣ በቆሎውም ባቄላውም ዱባውም፣ ከገደሉ አናት ላይ ነበር። መውጫ መውረጃቸው አለቱ ላይ የተፈለፈለ የእጅና የእግር መያዣ ነው። በዚያ ላይ እንስራ ተሸክሞ መውጣትን ሳስበው፣ ብርዱን ለምን እንደቻሉት ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ያናድደኛል፦ «በምስጢር የጠፋው ሕዝብ» የሚባለው ወሬ። ማን ጠፋ? የዛፍ ግንድ ቀለበቶች እንደሚያሳዩት እ.ኤ.አ. ከ1276 እስከ 1299 ከባድ ድርቅ ነበር። ሰዎቹ ወደ ደቡብ ሄዱ። ልጅ ልጆቻቸው ሆፒዎች፣ ዙኒዎችና ሌሎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦች ዛሬም አሉ።

መውጫው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስፋቱ 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሿለኪያ፣ በእጅና በጉልበት። ከፊቴ የነበሩት ደልደል ያሉ ሰውዬ ትከሻቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ እያቃሰቱም እየሳቁም አለፉ። ከዚያ እንደገና መሰላል።

150 ያህል ክፍሎች ያሉትን ሌላውን የገደል ቤት፣ ክሊፍ ፓላስን፣ ከማዶ ብቻ አየነው፤ ትኬቱ አልቆ ነበር። ትልቅነቱ ያስደነግጣል። እኔን ምረጪ ብትሉኝ ግን አሁንም ባልኮኒ ሀውስን ነው። እህቴ በዚህ አትስማማም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የክሊፍ ፓላስን ትኬት ቀድማ በኢንተርኔት እንደምትገዛ ዝታለች።